የአቶ ላቀው የመኪና መብራት

አቶ ላቀው ከነመኪናው ላፍቶ ካለው የድንጋይ ካባ ሥር የተገኘው ዓርብ ጠዋት ነው። ነጯ አውቶሞቢል በአፍንጫዋ ተተክላ፣ የኋላ ጎማዎቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ ቆማለች። ባለቤቷ ከመሪው ላይ ተደፍቷል። ሰፈርተኛው አፋፉ ላይ ተደርድሮ ቁልቁል ይመለከታል። ሬሳውን ለማውጣት የወረዱት ጥቂት ናቸው፤ አሟሟቱን የሚያስረዱት ግን አፋፉን ሞልተውታል።

«መብራቱ ነው የበላው» ይላል አንዱ። ሌላው ራሱን እየነቀነቀ ይደግመዋል።

ላቀው በየካቲት ወር ከመርካቶ ሁለት ሰፋፊ መብራቶች ገዝቶ፣ ከፋብሪካ አብረዋት የመጡትን አስነቅሎ እነሱን አስተክሎ ነበር። መኪናዋ አሮጌ ነች፤ መብራቶቹ ግን ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚበቁ ነበሩ። ከፊቱ የሚመጣውን እግረኛ ዓይን እያጠፋ፣ የገበሬውን ከብት እያስበረገገ ሲያልፍ ደስ ይለዋል። ሰዉን እንደሚንቅ ለማሳየት ይህን ያህል ባይደክምም ሰፈሩ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ከመሞቱ ሳምንት በፊት ከብስራተ ገብርኤል ሲመለስ መብራቶቹ ድንገት ድርግም አሉበት። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሲራገም ያዩት ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁበት ሰነበቱ። ዓርብ ጠዋት እነዚያው ሰዎች ከንፈራቸውን እየመጠጡ «እኔ እኮ ብዬ ነበር» ባዮች ሆኑ።

የትራፊኩ አስር አለቃ አስረስ ነገሩን ለመጨረስ ብዙ አልደከመም። ወደ መኪናዋ አንገቱን አስግጎ አየ፤ ቁልፉ ተከፍቷል፤ ከመሪው ሥር ያለችው የመብራት ዘንግ ወደ ማብሪያው ዞራለች፤ መብራት ግን የለም። ስለዚህ ሟች መብራቱን አብርቶ ሲሄድ መብራቱ ጠፋበት፣ ካባው ውስጥ ገባ። ጥፋተኛው መብራቱን የተከለው ነው። መብራቱን የተከለው ደግሞ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ወጣቱ ፍሮምሳ ነበር። ምሳ ሳይደርስ ፍሮምሳ ታሰረ።

ሰው የሞተበት ነገር ያለ መርማሪ ስለማይዘጋ መቶ አለቃ ትሩፋት ተጠራች። ትሩፋት የሰው ወሬ የምትሰማው ምስር እንደሚለቅም ሰው ነው፤ ጠጠር እንዳለበት አስቀድማ አምና። በጣቢያው የሚወዳት አልነበረም። እሷም ይህን እንደ ጉዳት አትቆጥረውም።

ሬሳውን ያየው ሐኪም ላቀው የተፈነከተው ከማጅራቱ በላይ፣ ከኋላው መሆኑን ነገራት።

«ደረቱስ?» አለችው።

«ደረቱ ደህና ነው። ግንባሩም እንዲሁ።»

ትሩፋት ወደ አስረስ ዞረች። «መኪናዋ በአፍንጫዋ ነው የወደቀችው። በአፍንጫው የወደቀ ሰው ማጅራቱ ላይ የሚፈነከተው እንዴት ነው?»

አስረስ ትንሽ አሰበ። «ተገልብጦ ይሆናል» አለ።

«መኪናዋ ሳትገለበጥ እሱ ብቻውን?»

አስረስ አላፈረም። ትሩፋት ከዚያ በኋላ የነገራትን ሁሉ በእጥፍ ትጠረጥር ጀመር።

ጣቢያው በር ላይ አንዲት አሮጊት ምሳ ይዘው ቆመዋል። የፍሮምሳ እናት ገዲሴ ናቸው። ከካባው አፋፍ በላይ ያለችው የመጨረሻዋ ቤት የሳቸው ናት፤ ከከተማ መስፋፋት የተረፉ ሁለት ላሞችም አሏቸው። ፖሊስ ልጃቸውን ሲወስድ አላለቀሱም። አንድ ክፉ ነገር እንደሚመጣ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ያውቁት ነበርና። ዳዴ ሲል እሳት ውስጥ ይገባል ብለው ፈሩ፤ ትምህርት ቤት ሲገባ መኪና ይገጨዋል ብለው ፈሩ፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ሲጀምር ይይዘዋል ብለው ፈሩ። ያልፈሩት ይህን ብቻ ነበር፤ መጣ። አሁን የቀራቸው ምክር አንድ ነው፤ በመስኮቱ ፍርግርግ ሥር ሆነው ለልጃቸው ነገሩት። ምንም ቢጠይቁህ አፍህን እንዳትከፍት።

ፍሮምሳ የእናቱን ቃል ጠበቀ። ትሩፋት ስትጠይቀው ግድግዳ ግድግዳ ያይ ነበር።

«አንተ ዝም ባልክ ቁጥር አስር አለቃ አስረስ ደስ ይለዋል» አለችውና ትታው ወጣች።

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ልቅሶው ድንኳን ሄደች። ድንኳኑን የሚያዙት የእድሩ ዳኛ አቶ ሚሳኤል ነበሩ። ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበር ያስደረድራሉ፣ ለመጣው ሁሉ ስለ ሟች ደግነት ይናገራሉ። ላቀውን ደግ ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ልጄ፣ ላቀው ወንድሜ ነበር» አሏት። «ለመጨረሻ ጊዜ የተለየሁትም እኔ ነኝ፤ ይኸው እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ሐሙስ ማምሻውን ከላቀው ጋር ካባው ዳር መኪናው ውስጥ ተቀምጠው የእድር ነገር ሲጨዋወቱ እንደቆዩ ነገሯት። ገዲሴ ከብቶቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ እንደምን አመሻችሁ ተባብለዋል። ወዲያው ላቀው መኪናውን አስነስቶ ወደ አስፋልቱ ይዟቸው ሄደ። መንገድ ላይ ጨለመ።

«መብራት አበራ?» አለች ትሩፋት።

«እንዴታ።»

«እንዴት አድርጎ?»

ሚሳኤል ጥያቄው የሕፃን ሆነባቸው። «እንደማንኛውም ባለ መኪና ነዋ። ይቺን ከመሪው ሥር ያለችውን ዘንግ ጠምዘዝ አደረጋት።» ግራ እጃቸውን በአየር ላይ ጠምዘዝ አደረጉ። «እንደ ቀን ሆነ። ጥቂት እንደሄድን ድርግም አለ፤ ደግሞ መጣ። ላቀው፣ ይህን ነገር ይዘህ አትመለስ፣ እዚሁ አሳድረው አልኩት። የሰው ምክር መች ይሰማል። አስፋልቱ ላይ አወረደኝና ተመለሰ።»

«ከዚያ በፊትስ እዚች መኪና ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?»

«በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ ማን ሆነና?»

ትሩፋት አመስግና ወደ ሴቶቹ ወገን ሄደች። የላቀው ሚስት ቤተልሄም ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደርቋል። ባሏ ሐሙስ ከቤት ሲወጣ ገና ብርሃን እንደነበረ፣ ዶሮዎቹም ቆጥ ላይ እንዳልወጡ ተናገረች። ወዴት እንደሚሄድ አልነገራትም። ነግሯትም አያውቅ።

«እኔን ያገባው ሰርግ ስላማረው ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኑሮውን የኖረው ከመኪናው ጋር ነው። እነዚያን መብራቶች ካስተከለ ወዲህማ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ከምሳው አስነስቶ ጋቢና ውስጥ እያስቀመጠ ሲያበራ ሲያጠፋ ይውላል።»

«አቶ ሚሳኤልንስ?»

ቤተልሄም ወደ ወንዶቹ ወገን ሰረቅ አድርጋ አየች። «እሳቸው ከጥምቀት ወዲህ በራችንን ረግጠው አያውቁም። ምን እንዳጣላቸው አላውቅም። ሲተላለፉ ሰላም አይባባሉም ነበር። ዛሬ ጋቢ ለብሰው ወንድሜ ሲሉ ስሰማ ሌላ ሰው የሞተ መሰለኝ።»

የሟች ታናሽ ወንድም በኃይሉ ከድንኳኑ ጀርባ ነበር። ሐሙስ ማታ ለቡ ካለ ግሮሰሪ ውስጥ ሲጠጣ አምሽቶ ሰዎች ደግፈው እንዳስገቡት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ስለራሱ ብዙ አልተጠየቀም። ላቀው በመጨረሻው ሳምንት የነገረው ነገር እንዳለ ስትጠይቀው፣ ወንድሙ ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክር እንደነበር አስታወሰ። በደርግ ጊዜ ስለተገደለ አንድ የሰፈር ልጅ ነው። ላቀው ገዳዮቹ ልጁን ካደረበት ቤት ሲያወጡት አይቷል።

«በማን ላይ ነው የሚመሰክረው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ወንድምህ እንዲህ ያለ ነገር ሲነግርህ ምንም አልጠየቅክም?»

«ጠይቄያለሁ» አለ በኃይሉ። «ሰኞ መኪናውን ትተውልኛለህ ወይ ብዬ።»

ትሩፋት ለአፍታ አየችውና ሄደች። እንዲህ ያለውን ሰው በገዳይነት መጠርጠር ማክበር ይሆንባታል።

መኪናዋ በዊንች ወጥታ አፋፉ ላይ ቆማ ነበር። የግራው መብራት ተሰባብሯል፤ የቀኙ ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። ማርሿ ዜሮ ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑም ተለቋል። ትሩፋት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ልጅ ስለሆነች ከኮፈን ሥር ያለው ነገር እንግዳዋ አይደለም። አንድ ደህና ባትሪ አስመጥታ አስቀጠለች፤ ከዚያ መብራቱን እንደ ሰው ትመረምረው ጀመር። ዕቃ ከሰው የሚሻለው ሲዋሽ ስለማይምል ነው።

አምፖሉን አወጣች፤ ክሩ አልተበጠሰም። ፊውዙን ፈለገች፤ በፊውዙ ቦታ የተጠቀለለ የሲጋራ ብርማ ወረቀት አገኘች። ሙያ እንዲህ ሲዋረድ ማየት አንጀቷን አሳረራት፤ ወረቀቱ ግን አልተቃጠለም፣ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ወደ መኪናዋ አካል የሚታሰረውን ጥቁር ሽቦ ነካች፤ ጥብቅ ነው። ከመብራቱ የሚመጣውን ሽቦ በጣቷ እየተከተለች ጋቢናው ውስጥ ገባች። ሽቦው ከመሪው በታች፣ ከሹፌሩ ጉልበት አጠገብ፣ በጨለማው ጥግ ያልቃል። እዚያ የታሰረው በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሚተከለው ነጩ የቤት ማብሪያ ማጥፊያ ነበር።

«ይህን አይተሃል?» አለችው አስረስን።

«እሱ የሬዲዮው መስሎኝ።»

«ሬዲዮ የታለ?»

መኪናዋ ሬዲዮ አልነበራትም። ማብሪያውን እሱም ሆነ ሌላ ፖሊስ እንዳልነካው አስረስ ማለላት። ማብሪያው ወደ ማጥፊያ ጎኑ እንደተጫነ ነበር። ትሩፋት በጣቷ ጫፍ ገፋ ብታደርገው እምቢ አለ፤ መኪናዋንም በመዶሻ እያስመታች ብታናውጣት ንቅንቅ አላለም። በአውራ ጣቷ ጠበቅ አድርጋ ስትጫነው ቀጭ አለና የቀኙ መብራት በጠራራ ፀሐይ ቦግ አለ።

«ታዲያ ይሠራል ማለት ነው?» አለ አስረስ ቅር ብሎት።

ትሩፋት ከማዶ ካለች ሻይ ቤት ሻይ አስመጣች። ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መብራቱን እያዩ ጠጡ። የትሩፋት ብርጭቆ ሊያልቅ ሲል መብራቱ ድርግም አለ። ማንም አልነካውም። ኮፈኑ ሥር ገብታ ሽቦውን ስትዳስስ አንዱ ቦታ ላይ ጣቷን አቃጠላት። ሁለት ሽቦዎች ተጠማዝዘው በቁስል ፕላስተር፣ ክሊኒክ ቁስል ላይ በሚለጠፈው፣ ተጠቅልለዋል። መጋጠሚያው ሲግል ይላቀቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ለዚህ ነው መብራቱ መንገድ ላይ የሚጠፋውና ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ የሚሆነው።

አስረስ ፊቱ በራ። «እንግዲህ ጥፋቱ ተገኘ። ፍሮምሳ ነው።»

ትሩፋት ከመሪው ሥር ያለችውን የመብራት ዘንግ ያዘችና ወዲያ አዞረቻት፤ ወዲህ አዞረቻት። ያየችውን ለአስረስ አልነገረችውም።

ወሬው ግን ቀድሟት ሰፈር ገባ። ሽቦው በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ፍሮምሳ አለቀለት፤ ዓመታት ይፈረድበታል። ገዲሴ ሲሰሙ ላሞቻቸውን ሳያልቡ በራቸው ላይ ተቀመጡ።

ትሩፋት ፍሮምሳን በድጋሚ አስጠራችው። ነጩን ማብሪያ ነቅላ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ልጁ ሲያየው ወዙ ጠፋ፤ የደበቀው እሱን ኖሯል። ከዚያ ቀስ በቀስ ተናገረ። መብራቶቹ ኃይለኛ ስለሆኑ ከፋብሪካ የመጣችው ዘንግ ሙቀቱን አልቻለችም፤ በተከላቸው በሳምንቱ ውስጧ ቀለጠ። ሽቦዋን ጨርሶ ቆርጦ በምትኩ ይህን የቤት ማብሪያ ከታች አሰረለት። ዘንጓ ከዚያ ወዲህ ለጌጥ ናት፤ ብትዞርም ባትዞርም መብራት አታውቅም።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«መኪናው ውስጥ የገባ ሁሉ። ጋሽ ላቀው ራሱ እየተጫነ ያሳይ ነበር። መኪናዬ እንደ ሳሎኔ ሆነች ይላል።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም?»

«የቤት ማብሪያ መኪና ላይ ተከለ ከተባልኩ ያው ገዳይ ነኝ። እናቴም ዝም በል አለችኝ።»

ትሩፋት ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ካባው አፋፍ ወጣች። ገዲሴ ገና ሳትደርስ ተነሱ።

«እኔ ምንም አላየሁም» አሉ።

«ገና አልጠየቅኩዎትም።»

ገዲሴ ወደ ጓዳቸው ዞሩ። ትሩፋት ሳትጋበዝ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ቤቲቱ ለካባው ቅርብ ከመሆኗ የተነሳ አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ሲያስነጥስ ይሰማል። ልጃቸው ሐሙስ ማታ ዘግይቶ መግባቱን፣ እሳቸውም እስኪገባ መጠበቃቸውን ጠየቀቻቸው። ፍሮምሳ ካልገባ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው፣ የእያንዳንዱን መኪና ድምፅ እንደሚያዳምጡ አመኑ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም።

«እማማ፣ ልጅዎን ያሳሰረው መብራት አይደለም፤ እናቱ ናት» አለቻቸው ትሩፋት። «ዝም በል ያሉት እርስዎ ነዎት። አሁንም አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ዝም ብለዋል። በዝምታዎ ያስፈርዱበታል።»

ገዲሴ ዞረው አዩዋት። «የሚናገር ነው የሚታሰረው፣ ልጄ። በዚያ ዘመን እዚች መንደር አንዲት እናት ልጅሽ የት ነው የሚያድረው ብለው ጠየቋት። ልጄ ወንጀል የለበትም፣ ቢያገኙትም ምንም አያደርጉትም ብላ የሚያድርበትን ነገረቻቸው። ያን ሌሊት ወሰዱት። የሷን መልስ ነው የተከተሉት።»

«ማነው የጠየቃት?»

የገዲሴ ከንፈር ተከደነ። ትሩፋት ተነሳች። «ነገ ሰልስት ላይ ይምጡ» አለቻቸው። «ፈርተውም ቢሆን ይምጡ። የፈራ ሰው ጆሮ አይደነቁርም።»

እሁድ፣ የሰልስቱ ሰው እንደተሰበሰበ፣ ዊንቹ የተሰባበረችውን መኪና ጎትቶ ድንኳኑ ፊት አቆማት። ሰው አጉረመረመ። ሟች አፈሩ ሳይደርቅ የገደለችውን መኪና ለቀስተኛ ፊት ማቆም ነውር መሆኑን ከመሀል አንዱ ተናገረ። ትሩፋት ነውር የሚያውቅ ሰፈር ቢሆን ኖሮ እሷ እዚያ እንደማትገኝ መልሳለት ባትሪውን አስቀጠለች፤ ማብሪያውንም ቀደም ብላ ወደ ቦታው አስመልሳው ነበር። ፍሮምሳ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆሟል። ገዲሴ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ግማሽ አካላቸው ብቻ ይታያል።

«አቶ ሚሳኤል» አለች ትሩፋት፣ «ትልቅ ሰው ይቅደም። እባክዎ ይግቡና መብራቱን ያብሩልን።»

ሚሳኤል ዙሪያውን አዩ። ትልቅ ሰው ይቅደም ከተባለ መቅረት አይቻልም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው የሹፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ግራ እጃቸው ከመሪው ሥር ያለችውን ዘንግ ያዘች፤ ጠምዘዝ አደረጓት። ምንም አልበራም። ደግመው ጠመዘዟት። ከዚያ በድል አድራጊ ፊት ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ይኸው» አሉ። «ብዬ አልነበር? ጠፋ።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ቢያንስ ግማሹ ለቀስተኛ በዚያች ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የላቀውን ትምክህት ችሎ ያውቃል። ሚሳኤል ጸጥታው የሐዘን መስሏቸው ከመኪናው ወረዱ።

«ወይዘሮ ቤተልሄም» አለች ትሩፋት።

ሚስትየዋ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። መኪናው ውስጥ መግባት እንኳ አላስፈለጋትም፤ በተከፈተው በር ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ታች ሰደደችና በአውራ ጣቷ ተጫነች። መብራቱ ፊት ለፊት የቆሙት ሚሳኤል ፊት ላይ ቦግ አለ። እጃቸውን ለዓይናቸው ጋረዱ።

ትሩፋት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ከመሪው ሥር ያለችው ዘንግ ከየካቲት ጀምሮ ሽቦ የላትም። ላቀው በሕይወት እያለ አይነካትም ነበር። ሬሳው ሲገኝ ግን ዘንጓ ማብሪያው ላይ ነበረች፤ እውነተኛው ማብሪያ ደግሞ ማጥፊያው ላይ። መብራቱ በርቶ ሳለ የተበላሸ ቢሆን ማብሪያው እንደበራ በተገኘ። አልበራም። ያን ምሽት መብራቱን ማንም አላበራውም። ላቀው ከቤት ሲወጣ ብርሃን ስለነበር አላስፈለገውም። ከጨለመ በኋላ ዘንጓን ያዞረው ሌላ ሰው ነው፤ ዘንጓ እንደማትሠራ የማያውቅ ሰው።»

ወደ ሚሳኤል ዞረች። «ላቀው በዘንጓ አበራ፣ እንደ ቀን ሆነ ብለውኛል። በየእሁዱም ይወስደኛል ብለዋል። እነዚህ መብራቶች ከተተከሉ ወዲህ ይህች መኪና ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልገቡም። ከጥምቀት ጀምሮ ላቀው ሰላምታ ነፍጎዎታል፤ ሰኞ ፍርድ ቤት በደርግ ጊዜ ስለተገደለው ልጅ ሊመሰክርብዎት መሆኑን ስላወቁ ሐሙስ ካባው ዳር ሄደው ለመኑት። እምቢ አለ። ጎንበስ ብሎ ወደ መኪናው ሊገባ ሲል ከኋላው ማጅራቱን በድንጋይ መቱት። ወንበሩ ላይ ወደቀ። እስኪጨልም ቆዩ፤ ቁልፉን ከፈቱ፣ ማርሹን ዜሮ አደረጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። የሚነዳ እንዲመስል መብራት ለማብራት ዘንጓን አዞሩ። አልበራም። ያን ጊዜ ፈጣሪ የተባበረዎት መሰለዎት። ሰፈሩ ሁሉ መብራቱ ይጠፋል ሲል ሰምተዋላ። ወደ ቁልቁለቱ ገፉት።»

ሚሳኤል ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ልጄ፣ እኔ መኪና የለኝ፣ መንጃ ፈቃድ የለኝ። የቱን እንደነካ ምን አውቃለሁ? በጨለማ ምን ይታየኛል? ማብሪያውስ ሲወድቅ ቢጠፋ? ለዚህ ብለሽ ሽማግሌ በለቀስተኛ ፊት ታዋርጃለሽ?»

አንዳንዱ ሰው ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ሰፈሩ ወደለመደው ሊመለስ ነበር፤ ድሀ ያጠፋል፣ ጋቢ የለበሰ ይሸመግላል። ፍሮምሳ ወደ መሬት አቀረቀረ።

«ሞተሩ አልተነሳም።»

የተናገሩት ገዲሴ ናቸው። ድምፃቸው ቀጭን ስለነበር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሰው ተገላመጠ። ከምሰሶው ጀርባ ወጡ።

«ከብቶቼን አስገብቼ ልጄን ስጠብቅ ነበር። ጆሮዬ መኪና ላይ ነበር፤ ልጄ በሰው መኪና ነው የሚመጣው። ከካባው ዳር ሞተር አልተነሳም። ወደ አስፋልት የሄደ መኪና የለም፤ የተመለሰም የለም። ድንጋይ ሲናድ ብቻ ሰማሁ።» ወደ ሚሳኤል ጠቆሙ። «በዚያን ጊዜም ያችን እናት ልጅሽ የት ያድራል ብሎ የጠየቃት እሱ ነው። የቀበሌ ጥበቃ ነበር። ጠመንጃ ይዞ፣ እናቴ እያለ ነው የጠየቃት።»

ሚሳኤል ፊቱ ተለዋወጠ። የሽማግሌው ለዛ በአንድ ጊዜ ወለቀ።

«አንቺ ምን ሰምተሽ» አለ። «በርሽን ዘግተሽ፣ ኩራዝሽን ለኩሰሽ ጓዳሽ ገብተሽ አልነበር!»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱም ሰማው። ሌላውም ሰማው።

«እሳቸው ከብቶቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ ወዲያው ሄድን ብለኸኛል» አለችው። ከዚህ በኋላ አንቱ አላለችውም። «ኩራዙ ሲለኮስ፣ በሩ ሲዘጋ ከየት ሆነህ አየህ?»

ሚሳኤል መለስ ብሎ የእድሩን ሰዎች አየ። አንድም ዓይን አልተቀበለውም። ጥቂት ቀደም ብለው ራሳቸውን ሲነቀንቁ የነበሩት ሰዎች ከማንም በፊት ወንበራቸውን አራቁ። አስር አለቃ አስረስም የሆነውን ገና ተረድቶ ሳይጨርስ ካቴናውን አወጣ፤ ማሰር ሲሆን እጁ ፈጣን ነው። ሚሳኤልን ይዘውት ሲሄዱ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ፤ ያነሳለት የለም።

ፍሮምሳ እዚያው ተፈታ። ወደ እናቱ ከመሄዱ በፊት ትሩፋት መንገዱ ላይ ቆመችበት።

«ነፃ ነህ ማለት ጨዋ ነህ ማለት አይደለም» አለችው። «ቁስል ፕላስተር፣ የሲጋራ ወረቀት፣ የሳሎን ማብሪያ። መብራትህ ላቀውን አልገደለውም። ሚሳኤል ቀደመህ እንጂ አንድ ቀን አንተው ትገድለው ነበር።»

ልጁ አፉን ከፈተ። ገዲሴ እጃቸውን ሰደዱ፤ እንደልማዳቸው ሊከድኑት። እጃቸው ከፊቱ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመች፤ ቀስ ብላ ወረደች።

«መልስላት» አሉት።

ፍሮምሳ እናቱን አየ፣ መርማሪዋን አየ። «እውነት ነው» አለ። «በዚህ ሰፈር በሌሎች ሦስት መኪናዎች ላይም ሽቦውን እንዲሁ በቁስል ፕላስተር ጠቅልያለሁ።»

ገዲሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስቱ መኪናዎች ሲገለበጡ አሁኑኑ ይታያቸው ነበር።

«የማን የማን ናቸው?» አለች ትሩፋት።

ነገራት። አንደኛው የአስር አለቃ አስረስ ነበር።